ሁለት ከረጢት በረዶ

ስድስት ቡድን ነበር፣ አራት ቀረ ዛሬ፤
ሁለቱ ወደቁ እንደ በሰለ ፍሬ።
ሕጉ እንዲህ ይላል፦ የቆመው ይመርጣል፣
ከወደቀው ቤት ውስጥ የሚበጀውን ይወስዳል፤
አንድ ሲገባ ግን አንድ ሰው ይወጣል።

ያቺ "ግን" ናት እንግዲህ እንቅልፍ የነሣችን፣
ከነሬይዳ ሱቅ ደጅ ሌት የሰበሰበችን።

ከሸንኮራው ማሳ ነፋሱ ሲነፍስ፣
የተቃጠለ ስኳር ካፍንጫ ሲደርስ፣
ገና ሳምንት ቀርቶት፣ ላብ እየጠረግን፣
ዶሚኖውን ትተን ሰው እናገላብጣለን።

እኔ የዱቤውን ደብተር ነው የምጽፍ፤
ስኳር፣ ሩዝ፣ ሳሙና፣ ስንት ዕዳ በሰልፍ።
የኋላውን ገጽ ግን ለቡድኑ ሰጠሁ፤
ሃያ ስምንት ስሞች በእርሳስ ጻፍሁ፣ ፋቅሁ፣
ወረቀቱ ሳስቶ ጣቴን እስካየሁ።

ዊልኪን ሞተሩን ሳያጠፋ ቆሞ
"ወርዋሪ!" ይላል፣ "ወርዋሪ ነው ደግሞ!
ሰባተኛው ዙር ላይ ክንዱ የማይዝል፣
ኳሷን እንደ ጊንጥ ጅራት የሚያጥፍ፣ የሚጥል።"

ኤሊሴኦ፣ ፀጉር ቆራጩ፣ ሣቀ፤
የምላሱ ስለት ከመቀስ የላቀ፦
"ወርዋሪስ ሞልቶናል። የሚይዝለት የታል?
ያዣችን ቁጢጥ ሊል ቄስ ይጠራለታል፤
ለመነሣት ደግሞ መሰላል ያሻዋል።"

ሌኦካዲዮን ነው። ስሙን ማንም አልጠራም።
በሰፈሩ መሃል ሰው በስሙ አይሸጥም።
ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት፣ ሁለት ያረጁ ጉልበቶች፤
ቤቱ ከመንገዱ ማዶ፣ ሰማያዊ መስኮቶች።

"ይሸኝ!" ይላል ዊልኪን። "ከወደቁት መሃል
ያ የሰሜኑ ልጅ፣ ጄርሚን፣ ይሻለናል።
ከተቀመጠበት ሁለተኛው ቤዝ ድረስ
ኳስ ሲልክ አይተሃል? ሌባ አያስተነፍስ!"

ራዳሜስ፣ ፋብሪካው ሚዛን ላይ የኖረ፣
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሸንኮራ የሰፈረ፣
ጉሮሮውን ጠርጎ ቀስ ብሎ ጀመረ፦
"ክንዱን መዘናችሁ፤ ጆሮውን ማን መዘነ?
ወርዋሪው ከፈራ፣ ልቡ ከባከነ፣
ያ ሽማግሌ ነው፣ በጓንት አፉን ከልሎ፣
አንድ ቃል ተናግሮ የሚመልሰው አባብሎ።"

"ምንድነው ቃሉ?" አልን።
                    "እኔ ምን አውቃለሁ፤
አርባኛው ረድፍ ላይ፣ ከርካሹ እቀመጣለሁ።"

ተጯጯኽን ያኔ። ጠረጴዛው ተመታ፤
ስድስት-ስድስቱ ወድቆ ውሻ ወሰደው ላፍታ።
ነሬይዳ ከውስጥ "የወንበር ኪራይ ላስከፍል?" አለች፤
ሬዲዮኑን ቀነሰች፤ መልሳ ከፍ አደረገች።

ድምፅ ሰጠን በእጅ። ሦስት ለአንድ ሆነ።
ሦስተኛው እጅ የኔ ነው።
ግማሽ ስሙን ሰረዝኩ፤ ለቀረው እጄ አልጨከነ—

ያን ጊዜ ነው የመጣው፣ በነጠላ ጫማ፣
ግራውን እየጎተተ፣ ወጥቶ ከጨለማ።
"ደኅና አመሻችሁ" አለ። "ሁለት ከረጢት በረዶ።"
ከማንም ቃል አልወጣ፣ ዶሚኖው እንኳ በርዶ።

"ሳሙናም ነበረኝ፣ ያለፈው ወር ዕዳ።"
ፔሶውን ቆጠረ ባውራ ጣቱ ጓዳ፤
ጣቶቹ ጠማሞች፣ እንደ ዝንጅብል ሥር፣
እያንዳንዱ ስብራት ያንድ ዓመት ምስክር።

ከፊተኛው ገጽ ላይ ስሙን ሰረዝኩት፤
የኋላውን ቶሎ በመዳፌ ሸፈንኩት።
እሱ ግን አየ። ያዥ ነው፤ ምልክት ማንበብ ያውቃል።
"ልጁ ጥሩ ነው" አለ፣ "ዝቅ ያለ ኳስ ያመልጠዋል።
ከመጣ ቤቴ ላኩት። ይማራል።"

በረዶውን አቅፎ ሄደ፤ ጠብታው ተከትሎት
አስፋልቱ ላይ መስመር፣ እስከ ሰማያዊው መስኮት።

ዝም አልን።
"ሁለት ገዛ" አለ ኤሊሴኦ በቀስታ።
"የታመመው አንዱ ነው፤ ግራው፤ ያያችሁት ማታ።"
"አንዱ ለክንዱ ነው!" "የለም፣ ሁለቱም ጉልበቱ ነው!"
"አንዱ ለሚስቱ ነው፤ ማቀዝቀዣቸው የተበላሸው!"

ወንበሮች ተሳቡ። ዊልኪን ሞተሩን አጠፋ።
እኔ ላጲስ ፈለግሁ፣ ከሱቁ ሁሉ ጠፋ።